የደብሪቱ ዝምታ

በጥድ አፋፍ ሚካኤል ለቅዳሴ የቆመ እንግዳ መጀመሪያ የሚመስለው ሕዝቡ ያንቀላፋ ነው። በሌላው ደብር ካህኑ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል፣ ሰላም ለሁላችሁ ማለቱ ነውና፣ ቃሉን ሳይጨርስ ወንዱም ሴቱም ተቀብሎ «ምስለ መንፈስከ»፣ ከመንፈስህ ጋር፣ ይለዋል። ጥድ አፋፍ ላይ ግን ካህኑ ሰላሙን ይሰጥና ዝም ይባላል። ሕፃን ቢያለቅስ እናቱ ቶሎ ጡቷን ታጎርሰዋለች፣ ሽማግሌው ሳሉን ይውጣል፣ መቋሚያውን ሊያነሣ የነበረው ባለበት ያቆመዋል፤ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተስቦ እስኪወጣ ድረስ ደብሩ በሙሉ ወደ ውጭ፣ ወደ ቅጥሩ ያደምጣል። ሁሉም በአንድ ድምፅ የሚመልሰው ከዚያ በኋላ ነው። ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ቀድሞ ይመልስና ድምፁ ብቻውን ይቀራል፤ አጠገቡ ያለው ሰው ክንዱን ነካ ሲያደርገው አፍሮ ነጠላውን ያስተካክላል።

ከሸለቆው ማዶ ያሉት ጎረቤቶች በዚህ ነገር ሲያሾፉ ኖረዋል። «የጥድ አፋፍን ሰው ደኅና አደርህ ብትለው ሲመሽ ነው የሚመልስልህ» ይላሉ፤ የሰፈሩ ሰው ግን የማዶዎቹ ችኮላ ለማንም ጠቅሞ አያውቅም ብሎ ያልፋቸዋል። ከሌላ አገር ተሹመው የመጡ አንድ አለቃም ይህ በየትኛው መጽሐፍ ተጻፈ ብለው ልማዱን ሊያስቀሩ ተነሥተው ነበር ይባላል። መጽሐፍ እንደሌለው ሽማግሌዎቹ አልካዱም። ስም ግን አለው፤ የደብሪቱ ዝምታ ይሉታል። አለቃውም ታሪኩን ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ ነገሩን ሁለተኛ እንዳላነሡት ይነገራል።

ደብሪቱ በክፉ ቀን የነበረች ሴት ናት። ክፉ ቀን የሚባለው፣ የአያቶቻችን አያቶች እንዳወሩት፣ መጀመሪያ ከብቱን የጨረሰው ዘመን ነው። በሬው ቀንበር እንደተጫነው ወደቀ፣ ላሟ ጥጃዋን ሳትልስ ወደቀች፣ ገበሬውም እጁን አጣጥፎ ጦም ያደረ ማሳውን ሲያይ ዋለ። ዶማ ያለው በዶማ ቆፍሮ ጥቂት ዘራ፤ የዘራውን አንበጣ በላው። ሰው ሥራሥር ቆፍሮ በላ፣ ቅጠል ቀቅሎ በላ፣ መጨረሻ ላይ የአልጋውን ጠፍር እየፈታ አብስሎ በላ። እስከ ዛሬም ጥድ አፋፍ ላይ ለእንግዳ መሬት ላይ ሲነጠፍለት «አይቀየሙን፣ አልጋውን በልተነዋል» ብሎ የሚቀልድ ሽማግሌ አይጠፋም። ከረኃቡ ኋላ በሽታው ተከተለ፤ ረኃቡ የተወውን በሽታው ወሰደው።

የደብሩ ቄስ በዚያን ጊዜ ቄስ ምናሴ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ዲያቆናት ነበሩ፤ ከሌሎቹ ካህናት ገሚሱ ሞቶ ገሚሱ ሲሰደድ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ቀርተው፣ ሬሳ በመጣ ቁጥር ጥናቸውን ይዘው እየወጡ ፍትሐት ያደርሱ ነበር። ፍትሐት ካህኑ የሞተውን ሰው በክርስትና ስሙ ጠርቶ ከኃጢአት እስራት እንዲፈታ የሚለምንበት ጸሎት ነው፤ ያለ እርሱ የተቀበረ ሰው፣ በአገሩ ሰው ዘንድ፣ ቤቱን ለቆ ያሰበበት ያልደረሰ መንገደኛ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ትልቁ ልጅ ወደቀ፤ ሳምንቱ ሳይሞላ ታናሹ ተከተለው። አባታቸው ራሳቸው ቆፍረው ቀበሯቸው። ጸሎቱን ጀምረው ግን መጨረስ አቃታቸው። የቤተ ክርስቲያኑን በር ቆለፉ፣ ቁልፉን ባንገታቸው አሰሩ፣ በቅጥሩ ውስጥ ካለችው ቤተ ልሔም፣ የመሥዋዕቱ ኅብስት ከሚጋገርባት ጎጆ፣ ገብተው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ የሞተው ሁሉ ያለ ፍትሐት ተቀበረ። የቀረው ሰው ሬሳ ተሸክሞ በቅጥሩ ውስጥ ካሉት ጥዶች መካከል ለመግባት አቅም አልነበረውምና መቃብሩ ሁሉ ከቅጥሩ ሥር፣ በውጭ በኩል ሆነ። የደብሪቱ ባል ጓንጉል እዚያ ተቀበረ። ልጃቸው አትጠገብ ቀጥላ በሳል ተይዛ ተኛች። ሁለቴ አከታትላ ታስልና፣ ከዚያ ትንሽ ታቃስታለች፤ ይህ ድምፅ ከደብሪቱ ጆሮ ወጥቶ አያውቅም። ልጅቱ ስትሞት የሚያግዛት ሰው ስላልነበረ ደብሪቱ ብቻዋን፣ ባሏ የተቀበረበትን ጉብ ያለ ለስላሳ አፈር ከፍታ፣ ከአባቷ ጎን አስተኛቻት። በላይዋ ያለበሰቻት የራሷን ነጠላ ነው።

የቀረው ሕዝብ ተሰብስቦ ወደ ቆላ ሊወርድ ሲነሣ፣ አንዲት ጎረቤቷ በደጇ ቆማ «ደብሪቱ፣ ተነሽ እንጂ! እዚህ ማን አለሽና ነው?» አለቻት።

«ሁለት ሰዎች አሉኝ» አለች ደብሪቱ። «ሳይፈቱ ጥያቸው አልሄድም።»

ጎረቤቲቱ ጓዟን አንሥታ ሄደች። ሕዝቡ ገደሉን ይዞ ወረደ፤ ጥድ አፋፍ ላይ አንዲት ሴትና አንድ አፉ የተዘጋ ቄስ ቀሩ።

እንደሚነገረው ደብሪቱ የመጀመሪያውን ድምፅ የሰማችው በማግስቱ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ጥድ አፋፍ ጉም ከገደሉ ሥር የሚወጣበት አገር ነው። ጉሙ ወጥቶ ቅጥሩን ሲሸፍነው ከውስጡ የብዙ ሰው ማጉተምተም ሰማች። ሙሾ አይደለም፣ ጩኸትም አይደለም፤ ለኪዳን፣ ለማለዳው ጸሎት፣ ማልዶ የመጣ ሕዝብ በር እስኪከፈት ድረስ ቆሞ የሚያወራው ዓይነት ወሬ ነው። መቋሚያ ድንጋይ ሲነካ ይሰማል። አንዱ ሌላውን ጠጋ በል ይለዋል። ከመካከላቸውም አንዲት ሕፃን ሁለቴ አከታትላ አሳለችና አቃሰተች።

ደብሪቱ አልሸሸችም። የማዶ ሰዎች ደፋር ሴት ነበረች ይላሉ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደግሞ መሸሺያ ጉልበት ከየት አምጥታ ይላሉ። ያለችበት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያስፈራት የሙታኑ ድምፅ አልነበረም፤ በር ተዘግቶባቸው ውጭ መቆማቸው ነው አንጀቷን የበላት። ያቺ ልጅ በሕይወቷ ሳለች እንኳ ብርድ አይሆንላትም ነበር። ደብሪቱ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት አዞረችና፣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንደሚሟገት አድርጋ፣ «ሚካኤል፣ ነፍስ የምታሻግረው አንተ አይደለህም እንዴ? ሰዎችህ ደጅህ ላይ ቆመዋልኮ! አታያቸውም?» አለችው። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ወደ ቤተ ልሔም ሄደች።

ቄስ ምናሴን በጆሯቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አባ፣ ይሰማዎታል?»

«ከሰማሁ ቆየሁ» አሉ ሳይነሡ።

«እንግዲያ ይክፈቱላቸዋ!»

«ከፍቼስ? ቅዳሴ እንደሆነ አምስት አገልጋይ ይፈልጋል፤ እኔ አንድ ነኝ።»

«ኪዳን ለአንድ ካህን ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ። ኪዳኑን ያድርሱ፣ ከዚያ ፍትሐቱ ይደርሳል።»

ቄሱ ጨርቁን ከጆሯቸው ፈቱት። «ልጄ፣ ልጆቼን አፈር አልብሼ ‹ሰላም ለኵልክሙ› ልል አፌን ስከፍት ሰላም የሚባል ነገር በውስጤ አጣሁ። የሌለኝን ከየት አምጥቼ ልስጥ? ለማንስ ልስጥ? ለባዶ ቤት?»

ደብሪቱ ተቆጣች። «ሰላሙ የርስዎ ነው እንዴ አባ? የእግዜር አይደለም? እርስዎ ይበሉት ብቻ። ቤቱን እኔ እሞላዋለሁ።»

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ቄስ ምናሴ በሩን ሲከፍቱ ቤቱ እንዴት እንደሚሞላ አዩ። ደብሪቱ ባለቤቶቻቸው የሞቱባቸውን መቋሚያዎች ከየጥጉና ከየቤቱ ለቃቅማ አምጥታ፣ ሕዝቡ ይቆምበት በነበረው ስፍራ ግድግዳውን ተደግፈው እንዲቆሙ ደረደረቻቸው። የጓንጉልም መቋሚያ ከነመዳፉ ምልክት አለ። ሴቶቹ መቋሚያ ስላልነበራቸው ከየደጃፋቸው አንዳንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥታ በሴቶች በኩል አስቀመጠች፤ ለልጇ ትንሿን ድንጋይ መረጠች። እሷ ከድንጋዮቹ መካከል ቆመች። ቄሱ ይህን አይተው ዕጣኑን አጠኑ፣ ጀመሩ።

ድምፃቸው እንደተሰበረ እየተጓዘ ሰላም ከሚሰጥበት ቦታ ደረሰ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» የሚልበት ጊዜ ነበር፤ ዲያቆን የለምና ዘለሉት። ወደ መቋሚያዎቹና ወደ አንዲቱ ሴት ዞረው «ሰላም ለኵልክሙ» አሉ።

ደብሪቱ አፏን ከፈተች። ረኃቡና ለቅሶው ጉሮሮዋን አድርቀውት ኖሯል፣ ድምፅ እምቢ አላት። ቄሱ ጠበቁ። ደግማ ሞከረች፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቤቱ ዝም አለ። ሰላሙ ማንም ሳይቀበለው መሬት ሊወድቅ ነው ብላ ደብሪቱ ደረቷን ስትመታ፣ ከውጭ፣ ከቅጥሩ ሥር፣ ከጉሙ ውስጥ መልስ መጣ።

«ምስለ መንፈስከ።»

ብዙ ሰው ነው። የወንድ ድምፅ አለ፣ የሴት ድምፅ አለ፤ ሁሉም ዝቅ ያለ ነው፣ ሁሉም የደከመው ሰው ድምፅ ነው። ከመጨረሻው ቃል ኋላ ሁለት ሳልና አንድ ማቃሰት ተሰማ።

ቄስ ምናሴ መስቀላቸውን ወደ በሩ አቀኑ። «ሰይጣን ነው! ደብሪቱ፣ ወደኔ ሽሺ!»

ያን ጊዜ ድምፅ መጣላት። «ሰይጣን ሰላም ሲሉት ይመልሳል እንዴ አባ? ያሳለችውን አልሰሟትም? አትጠገብ ናትኮ! ይቀጥሉ!»

ቄሱ ቀጠሉ። ሁለተኛው የሰላም ቦታ ሲደርስ፣ ዲያቆኑ የሚልበትን ሊዘሉ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ በቅጥሩ ማዕዘን በኩል አንድ የጎረምሳ ድምፅ ከፍ ብሎ «ተንሥኡ ለጸሎት» አለ። አባት የልጁን ድምፅ አያጣውም። ቄስ ምናሴ በቆሙበት አለቀሱ፤ እያለቀሱም ሰላሙን ሰጡ፤ ሕዝቡ ከውጭ ተቀበላቸው። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ድሮ የሚካኤል ዕለት እንደሚሰማው ሆኖ ነው የጨረሱት ይባላል።

ሊቃውንቱ ነፍስ ከቅጥር ሥር አትቆምም ይላሉ፤ ይህ በመጽሐፍ የለም። ሽማግሌዎቹ ሊቃውንቱን አይከራከሯቸውም። ታሪኩንም ከዚህ ቦታ ላይ አያቋርጡም።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ኪዳን በየማለዳው ደረሰ። ቄሱ ሰላሙን ይሰጣሉ፣ ደብሪቱ ዝም ትላለች፣ ከውጭ ያሉት ይመልሳሉ፣ እሷ ከሁሉም በኋላ ትመልሳለች። ኪዳኑ ሲያበቃ ሁለቱም ዶማ ይዘው ከቤተ ልሔም ጀርባ ያለችውን ቁራሽ መሬት ይቆፍራሉ። ምን በልተው ቆዩ ቢባል ሰዉ አይስማማም። ነገሩን የሚያቃልሉት የተረሳ የገብስ ጉድጓድ አግኝተው ነው ይላሉ፤ የሚያከብሩት ሚካኤል መገባቸው ይላሉ። የታወቀው ነገር፣ ጠዋት ጠዋት ያ መልስ ባይሰማ ኖሮ ሁለቱም ዶማውን ለማንሣት አቅም እንደማያገኙ ነው።

ቄስ ምናሴ በርትተው «እንግዲህ ሰዎቹን ብዙ አቆምናቸው፤ ፍትሐታቸውን ላድርስላቸው» ያሉ ዕለት፣ ደብሪቱ እግራቸው ሥር ተቀምጣ የሟቾቹን የክርስትና ስም ታስታውሳቸው ጀመር። ፍትሐት ያለ ክርስትና ስም አይሆንም፤ የዓለም ስም ለዓለም ነው። እሷ ለብዙ ልጅ የክርስትና እናት የሆነች ሴት ስለነበረች የብዙውን ታውቃለች፤ እሷ የዘነጋችውን ቄሱ ያስታውሳሉ። እንዲህ እያሉ ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞሩት።

«የጓንጉልስ?»

«ወልደ ገብርኤል።»

«የልጅሽስ?»

ደብሪቱ አፏን ከፈተች። ስሙ ምላሷ ላይ ነበር። ነገር ግን በዚያ ጠዋት ልጅቱ ከበሩ አጠገብ ነበር የመለሰችው፤ እጇን ብትዘረጋ የምትነካት ያህል። ስሟ ከተጠራ ነገ ከቅጥሩ ሥር የሚያስል ሰው አይኖርም። ጓንጉልስ ትልቅ ሰው ነው፣ ይሂድ፤ ልጅቱን ግን፣ ትንሽ ቀን ብቻ፣ ትንሽ ብቻ ብትቆይላት ምን አለበት?

«ረስቼዋለሁ» አለች።

«አንቺ እናቷ?»

«ረኃቡ አስረሳኝ አባ።»

ቄሱ የሰበካውን ሕፃን ሁሉ ያጠመቁት እሳቸው ቢሆኑም ስሙ ሁሉ ተደበላልቆባቸው ነበርና አመኗት። «አይዞሽ፣ ቀስ ብሎ ይመጣልሻል» ብለው አጽናኗት። ደብሪቱ ዕድሜዋን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዋሽታ የምታውቀው ያን ዕለት ብቻ ነው ይባላል።

ቄስ ምናሴ ጥናቸውን ይዘው በቅጥሩ ዙሪያ ከመቃብር መቃብር እየቆሙ ጸሎቱን አደረሱ። ከልጆቻቸው መቃብር ዘንድ ሲደርሱ ብዙ ቆዩ፤ ዕጣኑ አልቆ ደግመው ጨመሩ። ከዚያ ስማቸውን ጠሩ፣ መጀመሪያ የትልቁን፣ ቀጥሎ የታናሹን፤ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ብለው አለፉ። የጓንጉልንም ጠሩ። ከጎኑ ባለችው ትንሽ ጉብታ ላይ ስም የለምና ዝም ብለው መስቀላቸውን አሳርፈው አለፉ። ያን ምሽት ከጉሙ ውስጥ የብዙ ሰው ማጉተምተም አልተሰማም።

በማግሥቱ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ ከውጭ የተሰማ ነገር አልነበረም። ቄሱ ፊታቸው እያበራ ወደ ደብሪቱ ሊዞሩ ሲሉ፣ ከቅጥሩ ሥር አንዲት ቀጭን ድምፅ ብቻዋን «ምስለ መንፈስከ» አለች፤ ሁለቴም አሳለች።

ደብሪቱ በደስታ አለቀሰች። እውነቱን ለመናገር የደስታ ልቅሶ ነበር። ብዙ ማለዳ እንዲህ አለፈ፤ ልጇን በየቀኑ ትሰማለች፣ እንደ ወለደች ሴት ፊቷ ወዛ፣ ቁፋሮውም ቀለላት። ዝናቡ መጣ፣ ገብሱ አፈሩን ገፍቶ ብቅ አለ። ቄሱ አልፎ አልፎ «ስሙ አልመጣልሽም?» ይሏታል፤ እሷም መሬት መሬት እያየች «ገና ነው አባ» ትላለች። ማታ ማታ ለሚካኤል የምትነግረው ነገር ግን እያጠረ መጣ፤ ድሮ እንደ ጎረቤት ትሟገተው የነበረችው ሴት አሁን ዓይኑን ማየት አፈረች።

ድምፁም እንደ መጀመሪያው አልሆነም። ጉሙ በበዛ ቁጥር ትንሿ ድምፅ እየዘገየች፣ እየሳሳች ሄደች። አንድ ጊዜ ከምሥራቁ በኩል ትመልሳለች፣ አንድ ጊዜ ከምዕራቡ፤ ደብሪቱ ልብ ብላ ስትሰማ ትንሽ እግር ቅጥሩን ይዞ ሲዞር፣ ቆም ሲል፣ እንደገና ሲዞር ሰማች። ልጅ ሰው ሲጠፋበት እንደሚያደርገው ነው። ይህን ለራሷ አልነገረችም፤ እየሰማችው ወደ ቁፋሮዋ ትሄድ ነበር።

ከዚያ አንድ ማለዳ ቄሱ ሰላሙን ሰጡ። ዝም ተባለ። ዝምታው ረዘመ። ደብሪቱ ነጠላዋን ጨብጣ ጠበቀች። በመጨረሻ ልጅቱ መጣች፤ ነገር ግን የኪዳኑን መልስ አላለችም።

«እማ፣ አባባ የት ሄደ?» አለች።

ከዚያ ሁለት ጊዜ አሳለች፣ ትንሽም አቃሰተች፤ ልክ በሞተችበት ዕለት እንዳደረገችው፤ ሳሏ በጥቂቱ እንኳ አልቀነሰም። ደብሪቱ ምን እንዳደረገች ያን ጊዜ ገባት። ለራሷ ያቆየቻት ልጇን አልነበረም፤ ሳሏን፣ ብርዷንና ብቻዋን መሆኗን ነው። አባቷንም፣ ጎረቤቱንም፣ የምታውቀውን ሰው ሁሉ ሸኝታ፣ ያቺን ልጅ ጉም ውስጥ ብቻዋን ትታታለች፤ ያውም እናቷ ሆና።

ከድንጋዮቹ መካከል ወጥታ በቄሱ እግር ላይ ተደፋች። «ወለተ ሥላሴ ናት» አለች። «አልረሳሁትም አባ፤ አንድም ቀን አልረሳሁትም። ወለተ ሥላሴ ናት።»

ቄስ ምናሴ አልተቆጧትም። በልጆቻቸው መቃብር ላይ ዕጣን ሁለት ጊዜ የጨመሩ ሰው ናቸውና የሚቆጡበት አፍ አልነበራቸውም። ጎንበስ ብለው አነሧትና፣ «ኪዳኑን እንጨርስ፤ ፍትሐቷን ነገ አደርስላታለሁ። ነገ ጠዋት አንድ ጊዜ ስሚያትና ትሂድ» አሏት።

ደብሪቱ ራሷን ነቀነቀች። «ዛሬ አባ። አሁን። ነገ ልቤን አላምነውም።»

ሁለቱ ወጥተው ከትንሿ ጉብታ አጠገብ ቆሙ። ጉሙ ጉልበታቸው ድረስ ነበር። ቄሱ ሲያጥኑ ከጎናቸው ትንሽ የእግር ኮቴ መጥቶ እንደቆመ ደብሪቱ ሰማች፤ እጇንም ወደዚያ ዘረጋች ይባላል፤ የነካችው ነገር ይኑር አይኑር ለማንም አልተናገረችም። «ሂጂ የኔ ዓለም፣ አባትሽ ይጠብቅሻል» አለች። «ሚካኤል፣ እጇን ያዝልኝ፤ ብርድ አትችልም።» ቄሱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወለተ ሥላሴን ጠሯት፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ አሏት።

በማግሥቱ ማለዳ ቤቱ ያው ነው፤ መቋሚያዎቹ ቆመዋል፣ ድንጋዮቹ አሉ። ቄስ ምናሴ «ሰላም ለኵልክሙ» አሉ። ደብሪቱ ወደ ቅጥሩ አደመጠች። ነፋስ በጥዶቹ መካከል ይነፍሳል። ጤዛ ከሣር ክዳኑ ይንጠባጠባል። ሌላ ምንም የለም፤ የሚያስል የለም፣ የሚዞር እግር የለም። ይህ ነበር ከሁሉ የከፋችው ጠዋት፤ በረኃቡም፣ ባሏም ሲሞት፣ ልጇም ስትሞት እንዲህ ባዶ ሆና አታውቅም፤ ግን ደግሞ ባዶው ሰላም እንደሆነ አወቀች፤ የለመነችውም ይኸው ነበር። ቄሱ ጠበቋት። ትንፋሿን ስባ፣ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ብቻዋን፣ ድምፅዋን ሳትቆጥብ፣ «ምስለ መንፈስከ» አለች። በመጀመሪያው ዕለት እምቢ ያለው ጉሮሮ እስከ ገደሉ ጫፍ ተሰማ ይላሉ።

ገብሱ ሲያሸት ከቆላ የተረፈው ሕዝብ አንድ ሁለት እያለ ተመለሰ። ከየአገሩም ካህናት ተገኝተው ቅዳሴ ተጀመረ። በመጀመሪያው እሑድ ሕዝቡ እንደ ድሮው ሰላሙን ለመቀበል ሲቸኩል፣ ደብሪቱ ከሴቶቹ መካከል እጇን አንሥታ «ቆዩ!» አለች። «መጀመሪያ ስሙ። ደጅ የቀረ ሰው እንዳለ እንወቅ፤ ከዚያ እንመልሳለን።» ሰዉ ደነገጠ፤ ወደ ቄስ ምናሴ አየ፤ ቄሱም ራሳቸውን ነቀነቁላት። በቆላ የሞተባቸውን ሰው ያለ ፍትሐት ትተው የመጡ ብዙዎች ነበሩና፣ ያን ጊዜ የሆነው ዝምታ ከዛሬው ይልቅ የረዘመ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰዎች ወደ ቆላ እየወረዱ የሟቾቻቸውን የክርስትና ስም ይዘው ወደ ካህናቱ ሲመላለሱ ከረሙ።

ልማዱ እንዲህ ቀረ። ደብሪቱ አርጅታ ስትሞት ከቅጥሩ ሥር፣ ከጓንጉልና ከልጇ ጎን ተቀበረች፤ በማግሥቱ ሕዝቡ በሰላሙ ጊዜ ጆሮውን አቁሞ ሲያደምጥ ምንም አልተሰማም፤ ብዙ ሰውም እየሳቀ አለቀሰ። በአባቶቻችን ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ከውጭ የማያውቁት ሰው ድምፅ መልሷል ይባላል። ቅዳሴው እንዳበቃ ሰዉ ወጥቶ ቢፈልግ፣ ከገደሉ ሥር የወደቀ መንገደኛ ነጋዴ አገኙ፤ ከጭነቱ ላይ አገሩን አውቀው፣ የክርስትና ስሙን ከእናቱ አስጠይቀው እስኪመጣላቸው ድረስ በየማለዳው ሰላም ይሰጡት ነበር።

ዛሬም እንግዳ ሆኖ ጥድ አፋፍ ላይ የሚያስቀድስ ሰው ዝምታው አንዳንዴ ከሌላ ጊዜ እንደሚረዝም ያስተውላል። በዚያ ዓመት ልጇ የሞተባት እናት ካለች ከሴቶቹ ፊት ትቆማለች፤ ማንም ዞሮ አያያትም። ከውጭ ምንም እንዳይሰማ ስትጸልይ ከርማለች፤ ሆኖም ጆሮዋን ወደ ቅጥሩ አዘንብላ ነው የምትቆመው። ካህኑ ይጠብቋታል፣ ሕዝቡም ይጠብቃታል። የቱንም ያህል ብትዘገይ ከእሷ በፊት አፉን የሚከፍት የለም። እሷ «ምስለ መንፈስከ» ስትል ነው፣ ደብሩ በሙሉ ድምፁን አንሥቶ አብሯት የሚመልሰው።